በዛፉ ውስጥ ያለው ባሕር

ከርሞ የደረቀ የጓሳ ሣር የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ። ምን ምን ይላል ለሚሉኝ ሰዎች ለማስረዳት ስንቴ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ትንሽ አፈር፣ ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ ደግሞ የረጠበ በግ ይሸታል ስላቸው አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ይያዙ። እኔ ያን ሽታ በምንም ሽቶ አልለውጠውም።

ባለፈው መጋቢት መጨረሻ አጎቴን ልጠይቅ መንዝ ሄጄ ነበር። ከመሐል ሜዳ በማለዳው ሚኒባስ በጓሳ መንገድ ተሳፍሬ፣ ወርጄ በእግሬ ወደ ሠፈሩ ሳዘግም የበልጉ ዝናብ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ሮጥኩና አያቴ የኖሩበት የድንጋይ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ቆምኩ። የቤቱ ክዳን የጓሳ ሣር ነው። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲያደርቀው የከረመ ክዳን ውሃ ሲያገኝ ያ ሽታ ከላዬ ወረደብኝና፣ ትልቋን ሴትዮ ወዲያ ብሎ ጀሪካን ያዘለች የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አደረገኝ። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቆሜ ያቺን አንዲት ዓመት ደግሜ ኖርኳት።

ቤታችን ዓለም ከተማ ነበር። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ስትታመም ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዛት። አባቴ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር የሚያድረው በየካምፑ ነው። ስለዚህ ለአንድ የትምህርት ዓመት መንዝ፣ የእናቴ አባት ዘንድ፣ እንድቀመጥ ተወሰነ። ማን እንደወሰነ አላውቅም፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።

በገባሁ ማግስት ጠዋት ብወጣ ደጁ ነጭ ሆኗል። ሣሩ፣ አጥሩ፣ የከብቱ እበት ሳይቀር ነጭ ነው። እየሮጥኩ ተመለስኩና፣ "አባባ፣ ዱቄት ደፍተውብዎታል!" አልኩ።

አያቴ በርኖሳቸውን እየሰበሰቡ ወጥተው ረጋ ብለው አዩ። "እውነትሽን ነው" አሉ። "በየቀኑ ነው የሚደፉብኝ። እስቲ ማን እንደሆነ ያዥልኝ።"

ያን ሰሞን ዱቄት ደፊውን እይዛለሁ ብዬ ጠዋት ጠዋት በር ላይ አደባሁ። ዱቄቱ እጄ ላይ ውሃ እየሆነ አስቸገረኝ። ውርጭ የሚባል ነገር መኖሩን በዓለም ከተማ ሙቀት ውስጥ ላደገች ልጅ የነገራት አልነበረም፤ አያቴም አልነገሩኝም፤ ራሴው እስክደርስበት ጠበቁኝ።

አባባ ክፍሌ እንዲህ ነበሩ። ቀልዳቸውን የሚናገሩት ሳይስቁ ነው። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ ጥቁር የሱፍ በርኖሳቸው ክረምት ከበጋ ከትከሻቸው አይወርድም። ሚስታቸው እኔ ሳልወለድ ሞተው፣ አጎቴም ደብረ ብርሃን ሥራ ይዞ፣ ብቻቸውን ገብሳቸውን እያረሱ፣ ጥቂት በጎቻቸውን እየጠበቁ ይኖሩ ነበር። እኔ በመጣሁ ቀን፣ "ልጅ ማሳደግ ረስቼዋለሁ፤ የጎደለ ነገር ካለ አንቺው ንገሪኝ" ብለውኛል። እኔ ግን ይህን ነገር በክፉ ተረጎምኩት። አንድ ነገር ጎደለ ካልኩ፣ "እንግዲያው አልቻልኩም፤ ውሰዷት" የሚሉ መሰለኝ። እናቴ ደግሞ ተኝታለች። ስለዚህ ምንም ቢጎድል ላልናገር ቆረጥኩ።

ከዓለም ከተማ ይዤ የመጣሁት ትልቁ ሀብቴ ለካ የቆርቆሮ ጣራ ወሬ ኖሯል። አባባ የቆርቆሮ ቤት ሕልም ነበራቸው። የሣር ክዳናቸው አርጅቶ እዚህም እዚያም ያፈስሳል። ለማደስ የጓሳ ሣር ያስፈልጋል፤ ሣሩ የሚበቅልበት የጓሳ ሜዳ ደግሞ ማንም እንዳሻው ገብቶ የሚያጭድበት አይደለም። ሕግ አለው፤ ሣሩ እስኪያገግም ተዘግቶ ይቆይና ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ይከፈታል። ስለዚህ አባባ ከሠፈሩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ ተክለው፣ ለግድግዳና ለጣራ እንጨት እስኪደርስላቸው ይጠብቁ ነበር። ዛፉ ገና ቀጫጭን ነው። "አንድ ሁለት ክረምት ይበቃዋል" ይሉ ነበር በየጊዜው፤ አንድ ሁለት ክረምቱ ግን አያልቅም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጅ ፀሐይ እየሞቅን፣ "እስቲ ዝናብ ሲመታው እንዴት ነው የሚለው?" ይሉኛል።

ባዶውን ጀሪካን አቅፌ በጣቶቼ እመታለሁ። በቀስታ እጀምርና እያፈጠንኩ፣ እያፈጠንኩ እሄዳለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

"በዚህ ጩኸት ሰው እንዴት ይተኛል?"

"አይተኛም፣ አባባ። ቢነጋገርም አይደማመጥም።"

"እንዲያ ነው እንጂ ቤት ማለት!" ይላሉ በደስታ።

"ጓሳ ተዘግቷል" የሚለውን ስሰማ ደግሞ በር ያለው ነው የመሰለኝ። ትልቅ የእንጨት በር፣ ከኋላው ሣር። ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሆነ ብጠይቃቸው አባባ ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ "እማሆይ ዘንድ" አሉ።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሟች ሴት አያቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው ከኛ ፈንጠር ብላ ባለች ጎጆ ይኖራሉ፤ ሠፈሩን ሁሉ፣ በተለይ አባባን፣ መቆጣት መብታቸው ነው። ወገባቸው ላይ በክር የታሰረች ቁልፍ ነበረቻቸው። የሳጥናቸው ቁልፍ ናት። እኔ ግን የጓሳ ቁልፍ መሆኗን ለአንድ አፍታ አልተጠራጠርኩም፤ ያን የሚያህል አገር የምትከፍት ቁልፍ ይህን ያህል ማነሷ ብቻ ይገርመኝ ነበር።

ውሃ መቅዳት የኔ ሥራ ሆነ። ምንጩ ቆቅ ውሃ ይባላል፤ ሲመሽ ቆቆች ይጠጡበታል። ከአባባ ባሕር ዛፍ ግርጌ፣ ከሁለት ጥቁር ድንጋዮች መካከል ወጥቶ በድንጋይ የተካበች ገንዳ ይሞላል። ጥርስ ያማል ቅዝቃዜው። እማሆይ በየጠዋቱ ገንዳው አጠገብ ካለች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ወረፋ ያስከብራሉ። ማንም አልሾማቸውም፤ ግን ማንም አይከራከራቸውም። "አንቺ፣ እግርሽን አውጪ! ያንቺን ተረከዝ ልንጠጣ ነው?" ይላሉ። እኔ ስደርስ ግን፣ "የዓለም ከተማዋ እንግዳ ትቅዳ፤ ትምህርት ይረፍድባታል" ብለው ያስቀድሙኛል። ጀሪካኔን ሞልቼ፣ ከጓሳ ሣር በተገመደ ገመድ አዝዬ፣ ቤት አድርሼ፣ ትምህርት ቤት ስደርስ ደወሉ ገና አልተደወለም። ደወሉ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው ቆቆቹ ሁሉ ብር ይላሉ።

ጥር ሲያልቅ ውሃው መቅጠን ጀመረ። መጀመሪያ ገንዳው ከከንፈሩ ጎደለ። ከዚያ ታቹ ታየ። ከዚያ በጣሳ እየቀዳን፣ ጣሳው ድንጋዩን ሲፍቅ እየሰማን፣ ወረፋው ረዘመ። እማሆይ በየጠዋቱ ጣታቸውን ገንዳው ውስጥ ከትተው አውጥተው ያዩታል፤ "አንሷል" ይላሉ። "ዱሮ በጋ መሆኑን አያውቅም ነበር ይሄ ውሃ።" የካቲት ላይ ከድንጋዮቹ መካከል የሚወጣው እንባ የሚያህል ሆነ። ሴቶቹና ልጆቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ገደል ወርደው ከወንዙ መቅዳት ጀመሩ።

ያን መንገድ ዛሬም እግሬ ያውቀዋል። ሲወርዱ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ሲወጡ ገመዱ ደረትን ይቆርጣል። የወንዙ ውሃ ደግሞ ከላይ ልብስ ታጥቦበት፣ ከብት ገብቶበት ነው የሚደርሰን፤ ብናጠልለውም ሳሙና ሳሙና ይላል። ዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ ቸርኬው ይደወላል። ውሃውን ቤት አድርሼ ትምህርት ቤት ስገባ ሒሳብ አልቋል። ያረፈደ ባንዲራው ሥር ይንበረከካል። ጠጠሩ ጉልበቴ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ቤት ሳልደርስ በምራቄ እጠርገዋለሁ። አባባ፣ "ዛሬ ምን ተማርሽ?" ሲሉኝ ያልተማርኩትን ሒሳብ ከጓደኛዬ ደብተር አይቼ እነግራቸዋለሁ። "የጎደለ ነገር የለም?" ይሉኛል። "የለም፣ አባባ።"

የዛፉን ነገር የሰማሁት በሰንበቴ ቀን ነው። ቅዳሴ አልቆ ትልልቆቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ጠላቸውን ሲጠጡ፣ እኛ ልጆች ዳቦ ይዘን ከአጥሩ ማዶ እንጫወታለን። ድምፅ ከፍ ሲል ጆሮዬን በአጥሩ ቀዳዳ አስገባሁ።

"ውሃውን የጠጣው ያንተ ባሕር ዛፍ ነው፣ አንተ ክፍሌ!" ይላሉ እማሆይ። "ከምንጩ አናት ላይ ተክለህ ምን ይሁን ትላለህ?"

"የኔ ዛፍ ብቻ!" አሉ አባባ። "እናንተስ? ሜዳ ሲጠባችሁ ምንጩ አፍ ድረስ ያረሰው ማነው? ተዳፋቱን በበግ ያስላጨው ማነው? ዝናቡ መጥቶ የሚይዘው ሣር ሲያጣ አፈሩን ይዞ ገደል ገባ። ዛፌ ባይጠጣውስ ምን ሊተርፋችሁ ነው?"

ይህም እውነት ነበር። ከግብርና ጣቢያ የመጣች ወጣት ሴት አብራቸው ተቀምጣለች። እሷም፣ "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" አለች። "ዛፉ ይጠጣል፤ የተላጨው ተዳፋት ደግሞ አያስገባም። አንዱን ብቻ ብታስተካክሉ ዋጋ የለውም።" ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት ሁሉ እንደ ጓሳ እንዲዘጋ፣ እንዳይታረስ፣ በግ እንዳይገባበት፣ ልብስም ከምንጩ ሩቅ እንዲታጠብ ተስማሙ። ባሕር ዛፉም እንዲቆረጥ።

አባባ አንገታቸውን ደፍተው፣ "እቆርጣለሁ" አሉ። እኔ የቆርቆሮው ጩኸት ትዝ አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን አላዘኑም። እንዲያውም እያፏጩ ነው። "ብርቄ፣" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቁረጥ አሉኝ እንጂ ንቀል አላሉኝም። ባሕር ዛፍን ቆርጠሽ ጉቶውን ካልነቀልሽው፣ በአንዱ ፋንታ ሦስት አራት ሆኖ ነው የሚመጣልሽ። ቤታችን ትንሽ ትዘገያለች እንጂ አትቀርም።" እኔም ደስ አለኝ። ምስጢር ያካፈለኝ ትልቅ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

የኔ ሐሳብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ዛፉ ውሃውን ጠጣው ተብሏል። በማግስቱ ወደ ወንዙ ከመውረዴ በፊት ተዳፋቱን ወጥቼ፣ ጀሪካኔን አስቀምጬ አንዱን ግንድ አቅፌ ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ነፋስ ነበር፤ ከውስጥ ሽው የሚል ነገር በግልጽ ይሰማል። ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ለምን *ባሕር* ዛፍ እንደተባለ! ባሕር አይቼ አላውቅም፤ መምህራችን ዳርቻው የማይታይ ብዙ ውሃ ነው ብለውናል። እንግዲህ ይሄው፤ ዛፉ የቆቅ ውሃን ጠጥቶ ጠጥቶ ውስጡ ባሕር አጠራቅሟል። ሲቆረጥ ይፈስሳል። ሠፈርተኛው ይህን እያወቀ ዝም ማለቱ ብቻ ገረመኝ፤ ምናልባት ሁሉም ጀሪካኑን ደብቆ አዘጋጅቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ዛፉ የሚቆረጥበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ሠፈሩ በሙሉ ወጥቷል። አባባ በርኖሳቸውን አውልቀው መጥረቢያቸውን ይዘው ከመጀመሪያው ዛፍ ፊት ቆሙ። ጥቂት ጊዜ እንደመቱት የተላጠ ባሕር ዛፍ ሽታ አካባቢውን ሞላው፤ አፍንጫ የሚከፍት፣ ዓይን የሚያስነባ። ይሄኔ እኔ ከሰዎቹ መካከል ሾልኬ ሄድኩና ጀሪካኔን ክዳኑን ከፍቼ ከመጥረቢያው ሥር አስቀመጥኩት።

"ዞር በይ፣ ልጄ፣ ይመታሻል!" አለ አንዱ።

"መጀመሪያ የመጣሁት እኔ ነኝ!" አልኩ። ወረፋዬ እንዳይነጠቅ ነው።

አባባ መጥረቢያቸውን አወረዱ። "የምኑ መጀመሪያ?"

"የባሕሩ።"

ማንም አልገባውም። ስለዚህ አስረዳኋቸው። ዛፉ ውሃችንን መጠጣቱን፣ ባሕር ዛፍ የተባለው ለዚህ መሆኑን፣ አሁን ሲቆረጥ ስለሚፈስስ ሁሉም ተሰልፎ እንዲቀዳ። እማሆይ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ አንዱ ፈነዳ፤ ከዚያ ተዳፋቱ ሙሉ ሳቅ ሆነ። ሰው መሬት ላይ እየተቀመጠ ነው የሳቀው። ሳቅ የማያውቁት አባባ እንኳ መጥረቢያውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የግብርናዋ ሴት ብቻ ሳትስቅ ቀረበችኝና ስሙ የወጣለት ከባሕር ማዶ ስለመጣ እንደሆነ በቀስታ ነገረችኝ።

ግንዱን አየሁት። የተቆረጠው ፊቱ ትንሽ ረጥቧል፤ ያ ብቻ ነው። ባሕር የለም። አለቀስኩ። ልጅ በሳቅ መካከል ሲያለቅስ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ማቆሚያ የለውም።

አባባ መጥተው ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። "ባሕሩን ምን ልታደርጊበት ነበር?"

"ከዚህ ልቀዳ" አልኩ እየተነፋረቅኩ። "ወንዝ እንዳልወርድ። እንዳይረፍድብኝ። ሒሳብ እንዳያመልጠኝ። ባንዲራው ሥር እንዳልንበረከክ።"

ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ቀሚሴን ገለጥ አድርገው ጉልበቴን አዩ። ጠጠሩ የተከለውን ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። "የጎደለ ነገር የለም ስትዪኝ የነበረው ይሄን ነው?" አሉ።

"ይመልሱኛል ብዬ ነው።"

አባባ ተነሥተው የመጨረሻው ዛፍ እስኪወድቅ ድረስ መቁረጥ ቀጠሉ።

ሰኞ ጠዋት ስነሣ ጀሪካኑ የለም። አባባም የሉም። ደጅ ብወጣ ከገደሉ በኩል አንድ ጎባጣ ሽማግሌ እያለከለከ ይመጣል። ጀርባው ላይ ትልቅ ጉብታ አለ። ሲቀርብ አባባ ናቸው፤ ጀሪካኑን አዝለው በርኖሳቸውን ከላይ ደርበውበታል። በአገራችን ወንድ፣ ያውም ሽማግሌ፣ ውሃ ተሸክሞ መታየት ነውር ነበር። በርኖሱ መደበቂያቸው ነው። ማንም ግን አልተታለለም። እማሆይ ከጎጇቸው ደጅ ሆነው፣ "አንተ ክፍሌ፣ ጀርባህ ላይ ምን በቀለብህ?" አሉ።

"ባሕር!" አሉ አባባ ሳይቆሙ። ወደኔ ዞረው ደግሞ፣ "ምን ታፈጥጫለሽ? ደወሉ ሳይደወል ድረሺ" አሉኝ።

ያን በጋ እስኪያልቅ ድረስ በየጠዋቱ ውሃ የቀዱት እሳቸው ናቸው። በየጠዋቱ በርኖሱን ይደርቡበታል። ሠፈርተኛውም በየጠዋቱ አላየም።

ውሃውን አውርደው ደግሞ ዶማቸውን ይዘው ወደ ተዳፋቱ ይወጣሉ። ጉቶ ሊነቅሉ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ቃላቸው መቁረጥ ብቻ ነበር። የባሕር ዛፍ ጉቶ እንዲህ በቀላሉ የሚወጣ አይደለም፤ ሥሩ ወደ ታች ሄዶ ሄዶ ድንጋይ አቅፎ ይይዛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጉድጓዱ ውስጥ የሚታየኝ ራሳቸውና ሽቅብ የሚወረወር አፈር ብቻ ነው። እማሆይ መጀመሪያ የመጡት ሊቆጡ ነበር፤ "በዚህ ዕድሜህ ልትሞትብን ነው?" እያሉ። ከዚያ አንድ ጎረምሳ ዶማውን ይዞ መጣ። ከዚያ ሌላው። ሲያልቅ ተዳፋቱ ላይ የቀረው ጉድጓድ ብቻ ሆነ። ሊደፍኑት ሲሉ የግብርናዋ ሴት፣ "ተዉት፤ ከታች በኩል አፈሩን ከትሩለት፤ ዝናቡን ይይዝላችኋል" አለች። ተውት። የተቆረጠው ቀጭን እንጨት ለአጥርና ለማገዶ ሆነ።

ተዳፋቱ በተዘጋ ቀን እኔ እማሆይን ተከትዬ ሄድኩ። ቁልፉን ልይ ብዬ ነው። ሲገባቸው አልሳቁብኝም። ከወገባቸው ፈትተው ሰጡኝና፣ "በይ አንቺው ዝጊው" አሉኝ። ከምንጩ በላይ ቆሜ ቁልፏን አየር ላይ አዞርኳት። ቀጭ የሚል ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል። እስከ ዛሬ የያዝኩት ትልቁ ሥልጣን እሱ ነው።

የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ክዳኑ ውሃ ሲነካው ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። በአንድ ሁለት ቦታ ያፈስሳል፤ ድስት ደቀንን። አባባ በሩ ላይ ቆመው ወደ ተዳፋቱ ያያሉ። ሲያባራ እጄን ይዘው፣ "ነይ፣ ባሕርሽን እይ" አሉኝ።

ወጣን። ጉድጓዶቹ ሁሉ ሞልተዋል። ዛፍ በነበረበት ሁሉ ክብ ቡናማ ውሃ ተኝቶ ሰማዩን ያሳያል። ዳርቻው ይታያል እርግጥ፤ እኔ ግን ለዚያ ደንታ አልነበረኝም። "ተጠራቅሞልሻል" አሉ አባባ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሮጬ ብመጣ ጉድጓዶቹ ባዶ ሆነዋል።

"ፈሰሰ!" አልኩ።

"አልፈሰሰም፤ ገባ።"

"የት ገባ?"

"ቤቱ ነዋ" አሉ። "አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ቤት ያለሽ?"

ሚያዝያ ላይ ወንድሜ ተወለደ፤ ሰኔ ላይ ፈተናዬን ጨርሼ ዓለም ከተማ ተመለስኩ። ሒሳብ ጥሩ አመጣሁ። ስሄድ ምንጩ ሞልቶ ነበር፤ ግን ክረምት ሲገባ ሁሉም ምንጭ ይሞላልና ማንም ጉድ አላለም። ነገሩ የሚታወቀው በበጋ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ የካቲት ሲጋመስ፣ ከመንዝ የመጣ ነጋዴ ቤታችን ድረስ መልእክት አደረሰ። አባባ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ "ለብርቄ ንገርልኝ፤ ቆቅ ውሃ አለ።" ቀጭን ነው፣ ግን አለ። እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ፣ "ምን ማለታቸው ነው?" አለችኝ። ጣራችን ላይ ዝናብ አልነበረም፤ ነገር ግን ባዶ ጀሪካን አንሥቼ በጣቶቼ መታሁ።

አባባ የቆርቆሮ ቤት አልሠሩም። ባሕር ዛፍም ዳግመኛ አልተከሉም። ጓሳ ሲከፈት እያጨዱ ክዳናቸውን እያደሱ፣ በዚያው ቤት ኖረው በዚያው ቤት አረፉ። በበዓል እየሄድኩ ባየኋቸው ጊዜ ሁሉ ስለ ጣራ ሲያነሡ አልሰማሁም። እኔም ነገሩን አንድ ላይ ለመገጣጠም ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ይህን የምወደውን ሽታ እስከ ዛሬ ያቆየልኝ፣ እሳቸው ስለኔ ብለው ሳይሠሩ የተዉት የቆርቆሮ ቤት ነው። ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ይጮኻል እንጂ አይሸትም።

ባለፈው መጋቢት እዚያ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ስቆም አጎቴ ከደብረ ብርሃን ተመልሶ ጎኑ ላይ ከሠራው የቆርቆሮ ቤት ጩኸቱ ይሰማኛል፤ ከላዬ ደግሞ ሣሩ ዝም ብሎ ይጠጣል። አጎቴ የአባቱን ቤት እንደነበረ ያድሰዋል። ሁለት ትንንሽ ልጃገረዶች ጀሪካናቸውን ሞልተው በዝናቡ እየሳቁ ባጠገቤ አለፉ። "ደኅና አደሩ፣ እትዬ!" አሉኝ። ውሃው ከየት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ የመጡበት አቅጣጫ ይታያል።

ሲያባራ ወደ ቆቅ ውሃ ሄድኩ። ተዳፋቱ ላይ ሣሩ ጉልበት ድረስ ይደርሳል፤ ጉድጓዶቹ ሰርጉደው ሣር ለብሰዋል፤ ውሃ ቋጥረዋል። የበጋው መጨረሻ ነው። ገንዳው ግን እስከ ከንፈሩ ሞልቶ ተርፎ ይፈስሳል። እማሆይ ይቀመጡበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ በእፍኜ ቀድቼ ጠጣሁ። ጥርሴን አመመኝ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ" አልኩ ጮክ ብዬ። በሕይወት ሳሉ አላልኳቸውም ነበር፤ የጎደለ ነገር የለም ብቻ ነበር የምላቸው።

ከዚያ ከበላይ ቸርኬው ተደወለ። ሳላስበው ብድግ ብያለሁ፤ ዳገቱን ልሮጥ ነው። ቆቆቹ ብር አሉ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ምንጩ ዳር የሚረፍድበት አንድም ልጅ አልነበረም።